ያልተገለበጠው ባላ

በኬርሞ ሸለቆ ላም የምትታለበው ጭንብሏ ከተፈተሸ በኋላ ነው። ናሎም ይህን ሥራ ጎህ ሲቀድ ትጀምረዋለች። የላሟን አፍና አፍንጫ የሸፈነውን ግራጫ ጭንብል ትፈታለች፤ የሌሊቱ ትንፋሽ የተጠራቀመበትን ከረጢት ከበረት በረት ለሚዞረው ሰው አልባ ጋሪ ታስረክባለች፤ አዲስ ታጠልቅላታለች፤ ጡቷን የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው። የላሞቹ ትንፋሽ የሸለቆው ነው፤ የሸለቆው የሆነ ሁሉ ደግሞ የአደራ ነው። «አደራ» የሚባለው ከባሕር ማዶ መጥቶ ሸለቆውን ከነአየሩ፣ ከነዛፉና ከነነዋሪው ከዋና ከተማው መንግሥት በውል የተረከበ ድርጅት ነው። ውሉ ሲፈረም ከኬርሞ ሰዎች አንድም አልተገኘም። በውሉ ቋንቋ ኬርሞዎች «ነባር ጠባቂዎች» ይባላሉ፤ የሚጠብቁትን ነገር ግን ያለ ፈቃድ አይነኩም።

እሳት ከተከለከለ አንድ ትውልድ አልፏል። ምግብ ታሽጎ፣ ሞቆ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ቤተሰብ የተመደቡለትን ዛፎች ዞሮ ያያል፤ የቆመውን «አድሯል»፣ የወደቀውን «ወድቋል» ብሎ ለአየሩ ይናገራል፤ የሚሰማውም ይሰማል። ወጣቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ዛፎችህ እንዴት አደሩ?» ይባባላሉ። ቀድሞ በዚያ ቦታ የሚጠየቀው ስለ ከብት ነበር።

አደራ ከቀደሙት ገዢዎች የሚለይበት ነገር ባህል ማክበሩ ነው። ከደጋ የወረዱት የጥንት ሹማምንት የኬርሞን ልጆች ስም ለውጠዋል፣ ዘፈናቸውን ከልክለዋል፣ ዳኝነታቸውን ንቀዋል። አደራ የተለወጠውን ስም መለሰ፣ ዘፈኑን ፈቀደ፣ የሽማግሌዎቹን ጉባኤም ሕግ አደረገው። ሸለቆውን የሚመለከት ማንኛውም ጉዳይ በሾላው ሥር፣ በኬርሞ ሥርዓት፣ በኬርሞ ሽማግሌ አንደበት ካልተነገረ አይጸናም። የመጨረሻው ታላቅ ሽማግሌ የናሎም አባት ዶምባሌ ነበር። ከሞተ ቆይቷል፤ አንደበቱ ግን በሾላው ሥር በተተከለ ዓምድ ውስጥ ይኖራል። በሕይወት ሳለ ሲናገር በተቀዳው ላይ ተኮትኩቶ ያደገ ድምፅ ነው፤ የሽማግሌውን አነጋገር፣ የአሳቡን አካሄድና ሳሉን ጭምር ወርሶ፣ ዶምባሌ በዕድሜው ሰምቶት በማያውቀው ጉዳይ ላይ ሳይቀር በዶምባሌ ስም ይናገራል። መጀመሪያ ላይ አንዳንዶች የሙት ድምፅ አንሰማም ብለው ከጉባኤው ቀርተው ነበር። በአደራ ደንብ የቀረ ሰው እንደተስማማ ስለሚቆጠር ተመልሰው መጡ። ከመጡ በኋላ ሳሉን ወደዱት።

የኬርሞ ጉባኤ እንግዳ የሚያደናግር አንድ ልማድ አለው። ተናጋሪው በእጁ ባላ ይይዛል፤ ጫፉ መንታ የሆነ በትር። አንድን አሳብ ሊቃወም የተነሣ ሰው አስቀድሞ ያንኑ አሳብ መሸከም አለበት። መንታውን ወደ መሬት ዘቅዝቆ የባላንጣውን ቃል እንደ ራሱ ቃል፣ ከባለቤቱም ይልቅ አሳምሮ፣ ከልቡ ያመነበት እስኪመስል ድረስ ይናገራል። ሲጨርስ ዝም ይላል። ከዚያ ባላውን ይገለብጠዋል፤ መንታው ወደ ሰማይ ሲያይ የራሱ ቃል ይጀምራል። ተሸካሚን ማቋረጥ ሸክም ያዘለን ሰው መገፍተር ስለሆነ ከነውሮች ሁሉ ይከፋል። ባላው ከተገለበጠ በኋላ ግን ማንም ሊናገር ይችላል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚናገር ካልተገኘ ነገሩ ጸና ይባላል።

አደራ ለዓምዱ የብረት ባላ አሠርቶለታል። ሠሪው የተጠበበበት መሆኑ ያስታውቃል። መንታው ወደ ታች ነው፤ አይንቀሳቀስም። እስከዚያ ዘመን ድረስ ዓምዱ ይዳኝ የነበረው የግጦሽ ተራንና የጎረቤት ጥልን ስለነበር፣ የብረቱ ባላ መዘቅዘቁን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም።

የወንዙ ጎርፍ ሸሽቶ ዳርቻው ለማሽላ ዘር በጠቆረበት ሰሞን ጉባኤ ተጠራ። ዓምዱ ሳለ፤ ሰዉ ፈገግ አለ።

«ወንዙ ደክሟል» አለ የዶምባሌ ድምፅ። «እኛ እንጠጣዋለን፤ ከብቶቻችን ያደፈርሱታል፤ ትቶልን በሚሸሸው ጭቃ ላይ እንዘራለን። በሰው ቤት ብዙ የሰነበተ እንግዳ መቼ እንደሚነሣ ሊነገረው አይገባም። በደረቁ ሜዳ ቤቶች ተሠርተው ይጠብቁናል። ልጆቻችን እዚያ ሳል አያውቃቸውም። ሙታኖቻችንን በዳርቻው እንተዋቸው፤ ወንዙን እነሱ ይጠብቁት። ከእኛ ይልቅ እነሱ ጸጥ ይላሉ።»

ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ፣ ሴቶቹ በተቀመጡበት፣ የዶምባሌ እህት ኪቦ ወደ ናሎም ጆሮ ጠጋ አለች።

«እንዴት አድርጎ ይሸከማል! እኔ ራሴ ዕቃዬን ልጠቀልል ቃጣኝ።»

«መቼ ነው የሚገለብጠው፣ አክስቴ?»

«ሲደክመው።»

«የሞተ ሰው ይደክመዋል እንዴ?»

«ወንድሜ በቁሙም ደክሞት አያውቅ። ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

ድምፁ ጨረሰ። ሳለ። ዝም አለ። ጉባኤውም ዝም ብሎ ጠበቀ። ዶምባሌ በሕይወቱ ባላውን ከመገልበጡ በፊት ረጅም ዝምታ ይወድ ነበር፤ ባላንጣው አሸነፍኩ ብሎ በልቡ እስኪፈነድቅ ይጠብቀዋል ይባል ነበርና ሰዉ ያንን ዝምታ ያጣጥመው ጀመር። ጥላ ረዘመ። ጭንብል ያጠለቁ ከብቶች ወደ በረት ገቡ። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ተሸካሚን ትቶ መሄድም እንደ ማቋረጥ ነው። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ የአደራ የጉባኤ ኃላፊ ወይዘሮ ትርሲት ከወንበሯ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ሥርዓታችሁን ጠብቃችሁ ስለ ተስማማችሁ ድርጅቱ ያመሰግናችኋል» አለች። «በአዲሱ ጨረቃ ለማጽኛው እንገናኛለን።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «የተስማማነው መቼ ነው?» አለ አንዱ።

«አሁን» አለች ትርሲት፣ በትሕትና። «ዝም ስትሉ።»

ናሎም በማግስቱ ወደ ትርሲት ቢሮ ሄደች። ትርሲት ደገኛ ናት፤ የቀድሞዎቹ ሹማምንት የልጅ ልጅ መሆኗን አትደብቅም፣ ታፍርበታለችም። አማርኛዋ የተጣራ ነው። ናሎምም አማርኛ ያስተማራት አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ያለ አስተርጓሚ ተነጋገሩ።

«አባቴ ገና አልጨረሰም» አለች ናሎም። «የሰው ቃል ተሸክሞ ነው የተወው።»

«አባትዎ የተናገሩትን ሁሉ ከፊት እስከ ኋላ አሰምተናል። አንድ ቃል አልጨመርንም።»

«አልጨመራችሁም። ባላው ግን መገልበጥ አለበት።»

«ወይዘሮ ናሎም፣ ከእኛ በፊት የመጡት ባህላችሁን ጣሉ አሏችሁ። እኛ ጠብቁ ነው የምንለው። የዝምታን ሕግ እኛ አላወጣነውም፤ የእናንተ ነው። አሁን ለዚህ ጉባኤ ሲባል ይቀየር ብል፣ እኔ ከአያቶቼ በምን እለያለሁ?» ትርሲት ይህን ስትል ከልቧ ነበር። «የሥርዓቱን ነገር የነገረን የባህል አማካሪያችን ነው። ጥርጣሬ ካለዎት እሱን ይጠይቁት። ወንድምዎ አይደለም?»

ሎቤር የሚሠራው በሸለቆው አፍ ላይ በቆመው ቀዝቃዛ ሕንፃ ውስጥ ነው። ልጆቹ ከተማ ነው የሚማሩት። ታላቅ እህቱን ሲያይ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት፤ እሷ ቆማ ቀረች።

«አባባ ያንን ንግግር ሲናገር ከጎኑ ነበርክ» አለችው።

«ነበርኩ፣ እትዬ። በቁም ነገር እኮ ነበር የተናገረው፤ አደራ ገና ሊመጣ ነው የተባለ ጊዜ። ስለ መነሣት አሳቡን ያመጡት ደገኞች ነበሩ።»

«ገልብጦ ነበር?»

«ገልብጦ ነበር።»

«የት አለ?»

ሎቤር ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ አቧራ ጠረገ። «የዓምዱን ነገር ሲጀምሩ፣ የሽማግሌው አንደበት ከሁሉ የሚያምርበትን ምረጥልን አሉኝ። መሸከሙን ሰጠኋቸው።»

«ለምን መሸከሙን?»

«ሌላውን ልሰጣቸው ነበር? የራሱን ቃል? የራሱ ቃል የእኛ ነው። ተሸክሞ የተናገረውን ብሰጣቸው ምንም አልሰጠኋቸውም ብዬ ነው። ገለባውን እንደ መስጠት። ኬርሞ የሆነ ሁሉ ሲሰማው ይስቃል አልኩ። ሞኝ ያደረግኋቸው መስሎኝ ነበር።»

«ሌላውን የት አደረግኸው?»

«እጃቸው እንዳይገባ አጠፋሁት።»

«በቃልህ ንገረኛ፤ ያን ጊዜ የሰሙት ሽማግሌዎች አልፈዋል፤ እኔ ሴት ነኝ፣ ከሩቅ ነበርኩ። ምን አለ ባላውን ገልብጦ?»

የወንድሟ ሥራ ያንኑ መሸከም ዓመት ከዓመት ማድመጥ፣ ማረም፣ ማጥራት ነበር። «አንድ ነገር ስለ እናታችን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስለ መቃብሯ። ወይ ስለ ዘር። እትዬ፣ መሸከሙን ብቻ ነው የማስታውሰው። ስሞክር እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

ናሎም ያን ጊዜ ተቀመጠች። ቀጥሎ የመጣው አሳብ የሎቤር ነበር። የማጽኛው ጉባኤ የመጨረሻው ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ተቃውሞ ከተሰማ ጉዳዩ ወደ ባሕር ማዶ ይመለሳል፤ ተመልሶ የመጣ ጉዳይ እስካሁን የለም። ድምፁ ሲጨርስ ግን ባላው ስለማይገለበጥ ሰዉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሲናገር ማቋረጥ ያስፈልጋል።

«እኔ ባቋርጥ የድርጅቱ ሰው ነህ ይሉኛል፤ አይሰሙኝም» አለ። «አንቺ ልጁ ነሽ። አንቺ አቋርጪው፤ ያን ጊዜ ትርሲት እኔን መጠየቋ አይቀርም፤ ደንቡ ነው። ሁሉንም እነግራታለሁ። የሰጠሁትንም፣ ያጠፋሁትንም።»

«ጀርባ ይሰጡኛል፣ ሎቤር።»

«እኔ ከተናገርኩ በኋላ ይመለሱልሻል። ከኋላሽ እቆማለሁ። እናታችን በተኛችበት ዳርቻ እምልልሻለሁ።»

በኬርሞ ዘንድ በዳርቻው የማለ ሰው ሌላ አይጨምርም። ናሎም ግንባሩን ስማው ወጣች።

በአዲሱ ጨረቃ ሰዉ ሁሉ መጣ። እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ መጣ፤ ብዙዎቹ ዶምባሌ ባለፈው የጀመረውን ዛሬ ሊገለብጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ድምፁ ሳለ። «ወንዙ ደክሟል» ብሎ ያንኑ በዚያው ውበት ጀመረ። «በሰው ቤት ብዙ የሰነበተ እንግዳ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ናሎም ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ በሽማግሌዎቹ መሐል አልፋ ከዓምዱ ፊት ቆመች።

«ይህ የአባቴ ቃል አይደለም» አለች። «አባቴን የሰው ሸክም ጭነውበት ነው ያቆሙት። የራሱን ቃል የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ እኔም አላውቅም። እኔ ግን ከዳርቻው አልነሣም። እናቴ እዚያ ናት፣ ዘሬ እዚያ ነው። የምትጠብቁት ነገር አይመጣም፤ ባላው ብረት ነው፣ አይገለበጥም።»

ድምፁ አላቋረጠም። አባትና ልጅ በአንድ ላይ ተናገሩ፤ ይህም በኬርሞ ታይቶ አይታወቅም። መጀመሪያ ከፊት ያለው ትልቁ ሽማግሌ መሬቱን በእጁ ተመርኩዞ ዞረ፤ ጀርባውን ሰጣት። ሌሎቹም ተራ በተራ፣ ያለ ቁጣ፣ ዐይናቸውን ዝቅ አድርገው ዞሩ። ብዙዎቹ የተናገረችው እውነት መሆኑን ያውቁ ነበር። ኪቦ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ሁለት ሴቶች ደግፈው አዞሯት።

ትርሲት ግራ ተጋብታ ቆመች። ደንቡ እንደሚያዘው ወደ አማካሪዋ ተመለከተች። «አቶ ሎቤር፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

ሎቤር ከሕዝቡ ጋር ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ሳይዞር፣ በጠራ አማርኛ መለሰ።

«በሥርዓታችን ተሸካሚን ያቋረጠ ሰው ጎርፍ መጥቶ እስኪሸሽ ድረስ ከጉባኤው ውጭ ነው። ፊት አይሰጠውም። የተናገረውም እንዳልተነገረ ነው።»

«እንግዲያው ተቃውሞ ተነሥቷል አይባልም?»

ናሎም የወንድሟን ማጅራት አየች። ጸጉሩ ከተማ የተቆረጠ ነበር፤ አንገትጌው በላብ ረጥቧል። ጠበቀች። እሷም የእነዚያው ሰዎች ልጅ ናትና ዝም ብላ፣ ሳታቋርጠው ጠበቀች።

«አይባልም» አለ።

ሎቤር አልዋሸም። ከአፉ የወጣው ሁሉ አያቶቹ ያጸኑት ሕግ ነበር፤ ትርሲትም ተማሪ ከመምህሩ እንደሚቀበል በአክብሮት ተቀበለችው። ፀሐይ ጠለቀች።

የደረቁ ሜዳ ቤቶች ንጹሕ ናቸው። ማታ ማታ ከየግድግዳው የወንዝ ድምፅ ይለቀቃል፤ አደራ ነባር ጠባቂዎች ወንዛቸው እንዲናፍቃቸው አይፈልግም። ከብቶቹ በጥላ ሥር ቆመው ይተነፍሳሉ። ሳል እንደተባለው ቀንሷል። ዓምዱም ከነብረት ባላው መጥቶ በሰው እጅ በተሠራ ዛፍ ሥር ተተክሏል።

የናሎም ጉዳይ ሽማግሌዎቹን አስጨነቀ። ቅጣቷ ጎርፍ መጥቶ እስኪሸሽ ነው፤ በደረቁ ሜዳ ጎርፍ የለም። በሩቁ ሸለቆ የሚመጣ፣ የማይታይ ጎርፍ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለው ዓምዱን ጠየቁት። ዓምዱ የይቆጠራልን ወገን እጅግ አሳምሮ ተሸከመ፤ ቀጥሎ የአይቆጠርምን ወገን ከዚያ በበለጠ አሳምሮ ተሸከመ፤ ሳለና ዝም አለ። ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ስለዚህ ኪቦ በየምሽቱ መጥታ ጀርባዋን ለናሎም ጀርባ አስደግፋ ትቀመጣለች። ፊት መስጠት እንጂ መነጋገር አልተከለከለም።

«ይህ የግድግዳ ወንዝ ዛሬ ሞልቷል» ትላለች ኪቦ።

«ተመልሶ ይጎድላል።»

«ዓሣ ያዥልኝ እንግዲህ።» ትስቃለች፤ ሳቋ ናሎምን ጀርባዋ ላይ ይነቀንቃታል። «ወንድምሽ ትናንት መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሞ ሄደ።»

«ፊቱን ወደየት አድርጎ ቆመ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጀርባዬን ነው የሰጠሁት። እሱን ሥርዓት አላዘዘኝም፤ እንዲሁ ነው የሰጠሁት።»

አንድ ቀን ትርሲት ራሷ መጣች። ደገኛ ስለሆነች ፊት ለፊት መቀመጥ ትችላለች። ለናሎም በአክብሮት አስረዳቻት፤ ባሕር ማዶ ያሉት አለቆች የማጽኛውን ጉባኤ ቅጂ አይተው እጅግ ተነክተዋል፤ ተቃውሞ የማይሰማበት ጉባኤ ሙሉ አይደለም ብለዋል። ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ጉባኤ የተቃዋሚ ድምፅ እንዲኖር ተወስኗል። የናሎም ተመርጧል።

«ድምፄን ማን ሰጣችሁ?»

«በጉባኤ ፊት የተነገረ ቃል የሸለቆው ቅርስ ነው» አለች ትርሲት። «እርስዎ አይድከሙ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም።»

የሚቀጥለው ጉባኤ የተጠራው ስለ ከብቶቹ ነበር። ሰዉ በተሠራው ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ናሎም ከሁሉም በስተኋላ፣ ብቻዋን። ዓምዱ ሳለ። የዶምባሌ ድምፅ ከብቶቹ እንደ ደከሙ፣ አደራ እንደሚወስዳቸው፣ ያለ እነሱ ሌሊቱ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል አሳምሮ መናገር ጀመረ። ሰዉ ይጠብቅ ነበር።

ያን ጊዜ ከዚያው ዓምድ የሴት ድምፅ አቋረጠው።

«ይህ የአባቴ ቃል አይደለም» አለ ድምፁ። የናሎም የራሷ ድምፅ ነበር፤ ግን እሷ ከተናገረችውም ይልቅ የጠራና የተስተካከለ ነበር። ስለ ከብቶቹ እሷ ገና ያላሰበችውን፣ ብታስብ ግን ትለው የነበረውን ሁሉ ይናገር ጀመር። የእያንዳንዷን ላም ስም ያውቃል። ናሎም ልትናገር የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ልትለው የቀረ ነገር አልነበረም።

ተሸካሚ ተቋርጧል። ትልቁ ሽማግሌ እጁን መሬት ላይ ተመርኩዞ ዞረና ለዓምዱ ጀርባውን ሰጠ። ሌሎቹም ተራ በተራ ዞሩ። ለዓምዱ ጀርባ ሲሰጡ ፊታቸው ወደ ኋላ መጣ፤ ከኋላ ደግሞ ናሎም ነበረች። ከዳርቻው ከተነሡ ወዲህ የመላው ኬርሞ ፊት በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። አንዳንዶቹ ዐይናቸውን ወዴት እንደሚያደርጉ አጡ። ሎቤር ከሽማግሌዎቹ መካከል ነበር፤ መሬት መሬቱን ያያል። ከጀርባቸው የናሎም ድምፅ ይለምናል፣ ይከራከራል፣ የላሞቹን ስም ይጠራል።

ኪቦን ሁለት ሴቶች ደግፈው አዞሯት። አሮጊቷ ዐይኗን አጥብባ የወንድሟን ልጅ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሸብተሻል» አለቻት።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ነው የቀራት። እስክትጠልቅ ድረስ የተናገረ ሰው አልነበረም።